ሲያ ኮሊሲ አንበል ከመሆኑ በፊት፦ ዝዊዴ ውስጥ ያሳደገው ማን ነው?

ኳስ ወዳዱ
ሰላም ወገኖች። በዚህ መድረክ ስለ ራግቢ እምብዛም አንጽፍም፤ ዛሬ ግን አንድ ነገር ከሆዴ ላውጣ። የደቡብ አፍሪካን ብሔራዊ የራግቢ ቡድን እየመራ የዓለም ዋንጫ ስላነሣው አንበል፣ ስለ ሲያ ኮሊሲ የሚነገረው ታሪክ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ድሃ ልጅ ነበር፣ ባለጠጋ ትምህርት ቤት አየው፣ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠው፣ ከዚያ የዓለም ዋንጫ አነሣ። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማንም እጁን ያልያዘው ይመስላል። ይህ አነጋገር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው የራግቢ ተጫዋች ሆኖ አብቅቶ ነበር።

የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1991 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ የአውሮፓውያን ናቸው)። በማግስቱ የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ሰውን ሁሉ በዘሩ እየመዘገበ ሲከፋፍል የኖረውን ሕግ ሻረ። ሕጉ ይሻር እንጂ የተወለደባት ዝዊዴ ያው ዝዊዴ ነበረች፦ በፖርት ኤልዛቤጥ ዳርቻ ለጥቁሮች ተለይታ የተቆረቆረች ሰፈር። ከተማዋ ከ2021 ወዲህ ግቄበርሃ ተብላለች። እናቱ ፋካማ ስትወልደው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበረች፤ ያሳደገችው የአባቱ እናት ኖሉላሚሌ ናት። አያቱ ለልጁ እንዲበቃው ራሷ ሳትበላ ታድር እንደነበር፣ እርሱም ረሃቡን ለማስታገስ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በኤምሴንጌኒ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓመቱ ክፍያ ሃምሳ ራንድ ነበር፤ ለቤተሰቡ እርሱም ከባድ ነበር።

እዚያው ትምህርት ቤት ኤሪክ ሶንግዊቂ የሚባል መምህር ነበር። ይህ ሰው በሰፈሩ ክለብ በአፍሪካን ቦምበርስም ታዳጊዎችን ያሠለጥናል። ኮሊሲን ትንሽ ልጅ ሳለ ወስዶ ኳስ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሰው እንዴት ተይዞ እንደሚጣል ያስተማረው እርሱ ነው። ለክፍለ ሀገሩ ታዳጊ ቡድን ሲፈተን የስፖርት ቁምጣ ስላልነበረው በውስጥ ሱሪ እንደተጫወተ የምትሰሙት ታሪክ እውነት ነው። ሆኖም ለፈተናው የደረሰው እንዴት ነው? ሶንግዊቂ ስላዘጋጀው ነው። ከዚያ በኋላ ነው በሞሰል ቤይ በተደረገ የልጆች ውድድር ግሬይ ጁኒየር የተባለው ትምህርት ቤት ዓይኑን የጣለበት። ክብሩን ለማን እንስጥ? እኔ ለክለቡ እላለሁ። እናንተስ?

አዲስ ተመልካች
ጋሼ ኳስ ወዳዱ፣ ጥሩ ጀምረዋል፤ እኔ ግን ገና ከታች ነኝ። ኮሊሲ የሚጫወትበት ቦታ ምንድን ነው? ስድስት ቁጥር ሲለብስ አያለሁ። በእግር ኳስ ብናስበው ከማን ይመሳሰላል?

ኳስ ወዳዱ
ወንድሜ አዲስ ተመልካች፣ ቦታው ፍላንከር ይባላል። አሥራ አምስቱ ተጫዋቾች ስምንት ከፊት ሰባት ከኋላ ሆነው ይከፈላሉ፤ ፍላንከር ከስምንቱ ነው። ስምንቱ ተቆላልፈው በሚገፋፉበት ስክረም ላይ ከዳር ይጣበቃል፤ ኳሱ እንደወጣ ግን መጀመሪያ መላቀቅ ያለበት እርሱ ነው። ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ይዞ ይጥላል፣ ተነሥቶ በእግሩ ይቆማል፣ ከወደቀው ሰው ላይ ኳሱን ለመንጠቅ ያጎነብሳል፤ በዚያች ቅጽበት መቶ አሥር ኪሎ የሚመዝን ሰው ከጎኑ ይገጨዋል። ይህን በአንድ ግጥሚያ ደጋግሞ ማድረግ ነው ሥራው። በእግር ኳስ ብናስበው ከመሐል ሜዳ ኳስ ነጣቂው ይቀርባል። አብዛኛው ዓለም ለኳስ ነጣቂው ፍላንከር ሰባት ቁጥር ሲያለብስ ደቡብ አፍሪካውያን ስድስት ነው የሚያለብሱት። ማንዴላ በ1995ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በጆሃንስበርጉ ኤሊስ ፓርክ የለበሱት የያኔው አንበል የፍራንስዋ ፒናር ማሊያም ስድስት ቁጥር ነበር።

መምህርት
ወንድሜ ኳስ ወዳዱ፣ ስለ ሶንግዊቂ ያሉትን እቀበላለሁ፤ እኔም መምህርት ስለሆንሁ ልቤ ሞቋል። ስለ ግሬይ ግን የቸኮሉ ይመስለኛል።

አሁን ራስዎ የገለጹትን ሥራ ያስቡት። መቶ አሥር ኪሎ የሚመዝን ሰው ከጎን ሲገጨው የሚችል አካል ስኳር በጠጣ ሆድ አይገነባም። ኮሊሲ በ2019 በሰጠው ቃለ መጠይቅ ይህንኑ ተናግሯል፤ ወደዚያ ትምህርት ቤት ባልገባ ኖሮ በቅጡ ስለማልበላ አካሌ አይጎለብትም ነበር ብሏል። ብዙ ሰው ግሬይ ራግቢ ያስተማረው ይመስለዋል፤ ራግቢውንማ ከሶንግዊቂ ይዞት ሄዷል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ የሰጠው ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ አልጋ፣ ጫማ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜአለሁና አውቀዋለሁ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ራሱን ስቶ የወደቀ ልጅ አንሥቼ አውቃለሁ። ብልህ ልጅ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ሂሳብም አማርኛም አልገባውም።

ሌላም አለ። ሲገባ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር ማለት ይቻላል፤ ቋንቋው ኮሳ ነው። አያቱ ገና በልጅነቱ እጁ ላይ ሞተችበት፤ እናቱንም በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ አጣ። በቋንቋው በማይማርበት ክፍል ተቀምጦ፣ እነዚያን ሁለት ሐዘኖች ይዞ፣ በዚያ ላይ ኳስ የተጫወተ ልጅ ነው። ስለዚህ ክለብ ወይስ ትምህርት ቤት ብለው ሲጠይቁ እኔ ከሁለቱ በፊት አያቲቱን አስቀድማለሁ። ከአፏ ነጥላ ያበላችው እርሷ ናት።

ሐቁን እንናገር
እህቴ መምህርት ያሉት ልብ ይነካል፤ ነገር ግን አንድ ነገር እየተሸፈነ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በየቡድኑ ይህን ያህል ጥቁር ተጫዋች ይኑር የሚል ግብ ተቀምጧል። ኮሊሲ በ2018 አንበል ሲሆንም ፖለቲካ ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። ይህን ሳናነሣ የጥንት ታሪኩን ብቻ ብናወራ ግማሹን እውነት ነው የተናገርነው። በሜዳ ላይ ምን ሠርቶ ነው እዚያ የደረሰው? ማስረጃ አቅርቡልኝ።

ኳስ ወዳዱ
ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በቅደም ተከተል ልሂድ።

በትምህርት ቤት ዘመኑ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ለኢስተርን ፕሮቪንስ በ2007 ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች፣ በ2008 እና በ2009 ደግሞ በክሬቨን ዊክ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ተጫውቷል። ክሬቨን ዊክ ከ1964 ጀምሮ የሚካሄድ የተማሪዎች ውድድር ነው፤ የየክፍለ ሀገሩ መልማዮች በሙሉ ተሰብስበው የሚመለከቱት። በ2010 ወደ ኬፕታውን ተሻግሮ የዚያ አካባቢ ቡድን የሆነውን ዌስተርን ፕሮቪንስን ገባ። በ2010 አርጀንቲና፣ በ2011 ጣሊያን በተደረጉት የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮናዎች ለአገሩ ተሰለፈ፤ በዚያው በ2011 ለዋናው የዌስተርን ፕሮቪንስ ቡድን መጫወት ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ ብለው ይዩት። ፌብሩዋሪ 2012፣ የኬፕታውኑ ክለብ የስቶርመርስ የዓመቱ የመጀመሪያ ግጥሚያ በሱፐር ራግቢ፣ ማለትም የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ክለቦች በሚፎካከሩበት ውድድር፤ ተጋጣሚው የኒውዚላንዱ ሃሪኬንስ፣ ሜዳው የኬፕታውኑ ኒውላንድስ። ስካልክ በርገር ጉልበቱን ተጎዳ። በርገር ማለት በ2004 የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ ፍላንከር ነው። በእርሱ ፈንታ የገባው የሃያ ዓመቱ ኮሊሲ ነው፤ ከዚያም ቦታውን አልለቀቀም።

ዓመት ከአራት ወር ቆይቶ፣ ጁን 15 ቀን 2013፣ ኔልስፕሬይት በሚገኘው ምቦምቤላ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካ ከስኮትላንድ ተጋጠመች። ግጥሚያው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ አርኖ ቦታ ተጎድቶ ወጣ። ለገባው ተቀያሪ የመጀመሪያው የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶታል። ደቡብ አፍሪካ እየተመራች ከቆየች በኋላ 30 ለ17 አሸነፈች፤ የዕለቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠውም ያው ተቀያሪ ነው። ሁለት ጊዜ በር በድንገት ተከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። ይህን ኮታ አይሰጥም።

ሐቁን እንናገር
ስለ 2013 ያሉትን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን ያ ከሆነ በኋላ ለምን ጠፋ? በ2015ቱ የዓለም ዋንጫ አላየሁትም።

ኳስ ወዳዱ
ነበረ፤ ግን ከተቀያሪ ወንበር። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የገባው፤ አንደኛው ብራይተን ላይ ጃፓን 34 ለ32 ያሸነፈችበት ነው። እነዚያ ዓመታት ለእኔ ከሁሉም ይከብዳሉ። የመጀመሪያ ጨዋታውን በኮከብነት የጨረሰ ወጣት አራት ዓመት ያህል አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው እስኪደክም ሲጠብቅ ኖረ። አላኮረፈም፤ ክለቡም አልተወው። በ2017 ስቶርመርስ አንበል አደረገው፤ በዚያው ዓመት ጁን ከፈረንሳይ ጋር በተደረጉት ግጥሚያዎች የብሔራዊ ቡድኑ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ።

አንበልነቱን በተመለከተ ደግሞ፣ የሾመው የያኔው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ራሲ ኢራስመስ ነው። ኢራስመስ በ2010 ኮሊሲ ኬፕታውን ሲደርስ የዌስተርን ፕሮቪንስ የራግቢ ኃላፊ ነበር። ልጁን ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል ማለት ነው። ስምንት ዓመት ያየውን ሰው ነው የሾመው፤ በአንድ ጀምበር የተፈለገ ስም አይደለም። የመጀመሪያ የአንበልነት ግጥሚያው ጁን 9 ቀን 2018 በኤሊስ ፓርክ ከእንግሊዝ ጋር ነበር። እንግሊዝ 24 ለ3 ስትመራ ቆይታ በመጨረሻ ደቡብ አፍሪካ 42 ለ39 አሸነፈች። ያን ዕለት ቤቴ ቁጭ ብዬ ስመለከት በ24 ለ3 ላይ የኮሊሲን ፊት በቅርብ አሳዩት። ተጫዋቾቹን ከግብ መስመሩ ኋላ ሰብስቦ እጁን አንዱ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ነበር የሚያናግራቸው፤ የጮኸ አይመስልም። እኔ ግን እየጮህሁ ነበር።

የዋሽንግተኑ
ከዚያ ግጥሚያ ከሳምንት በፊት፣ ጁን 2 ቀን 2018፣ ያው ቡድን እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ በአርኤፍኬ ስታዲየም ከዌልስ ጋር ተጫውቷል። ኮሊሲ አልመጣም፤ ደቡብ አፍሪካ 22 ለ20 ተሸነፈች። እኔ ታክሲዬን አቁሜ ገብቼ አይቻለሁ። ራግቢ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደንበኛዬ የነበረ ደቡብ አፍሪካዊ ነው ትኬት የሰጠኝ።

ያን ቀን የመጀመሪያ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታውን አድርጎ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሻግሮ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ያስቆጠረው ማካዞሌ ማፒምፒ ነው። ስለ እርሱ የምጽፈው ለዚህ ክርክር ስለሚጠቅም ነው። ማፒምፒም ፖርት ኤልዛቤጥ ካለችበት ክፍለ ሀገር ከምሥራቅ ኬፕ ነው፤ ግን ከከተማ ዳር ሳይሆን ጾሎምንቃ ከምትባል የገጠር መንደር። የትኛውም ግሬይ አላየውም፤ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚባል አልደረሰውም። በአገሩ ገጠር ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በክልሉ ክለቦች ተጫውቶ፣ ብሔራዊ ማሊያ ሲለብስ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ኮሊሲ በሃያ አንድ ነው የለበሰው። ከኮሊሲ በአንድ ዓመት ገደማ ይበልጣል፤ የደረሰው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ2019 ዮኮሐማ ላይ ደቡብ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ታሪኳ የመጀመሪያውን ትራይ ስታስቆጥር ያስቆጠረው እርሱ ነው።

እንግዲህ መምህርት ያሉት ምግብና አልጋ ዋጋው ስንት እንደሆነ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቁጭ ብሎ ማስላት ይቻላል። አምስት ዓመት ነው። በዚያ መንገድ ላይ በሃያ ሦስት ዓመታቸው ተስፋ ቆርጠው ሥራ ፍለጋ የሄዱትን ማን ይቆጥራቸዋል? እኔ ያን ቀን ስታዲየም ውስጥ ሳለሁ ይህን ምኑንም አላውቅም ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ደንበኛዬ ማፒምፒ ሲያስቆጥር አልጨፈረም፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ምነው አልሁት። «ይህ ልጅ ዘግይቶብን ነበር» አለኝ።

መምህርት
ወንድሜ የዋሽንግተኑ፣ አምስት ዓመት ነው ያሉትን ሳነብ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለሱቁ
ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ፤ ለመጻፍ ሳመነታ ነበር። ከሆሳዕና ተነሥቼ በፖርት ኤልዛቤጥ ጥቁሮች ሰፈር ሰባት ዓመት ሱቅ ነግጃለሁ። ዝዊዴ ከእኔ ሱቅ በእግር የምትደረስ ነበረች። አሁን አገሬ ነኝ።

ኳስ ወዳዱ ስለ ክለቡ የጻፉት ልክ ነው፤ ግን ከክለቡም ወደ ኋላ ይሂዱ። እዚያ ሽማግሌዎች ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠው ሲያወሩ የምሰማው ሁሉ ራግቢ ነበር። እኔ መጀመሪያ ራግቢ የነጮች ጨዋታ ይመስለኝ ስለነበር ተናግሬው አንድ አዛውንት ተቆጡኝ። በምሥራቅ ኬፕ ኮሳዎች በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተምረውት መጫወት ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ዝዊዴ ውስጥ ዳን ቀቄ የሚባል ስታዲየም አለ። ዳን ቀቄ በ1970ዎቹ በዘር ተከፋፍለን አንጫወትም ያለውን ክዋሩ የተባለ የጥቁሮች ራግቢ ማኅበር የመሩ ሰው ናቸው። በ1976 የዋትሰን ወንድማማቾች፣ ነጮች ናቸው፣ ሕጉን ተላልፈው ከእነርሱ ጋር ለመጫወት ወደ ጥቁሮቹ ሜዳ የመጡት በዚያው አካባቢ ነው። እነዚያ አዛውንት ይህን የነገሩኝ ትናንት እንደተደረገ አድርገው ነው። የኮሊሲ አባት ፌዛኬሌም ተጫዋች ነበር። ስለዚህ ሶንግዊቂ ልጁን ሲያገኘው ከባዶ ቤት አላገኘውም፤ ሰፈሩ በሙሉ ኳስ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮሊሲ የ2007ቱን ፍጻሜ፣ ደቡብ አፍሪካ እንግሊዝን 15 ለ6 ያሸነፈችበትን፣ ቤታቸው ቴሌቪዥን ስላልነበረ በሰፈሩ መጠጥ ቤት ሆኖ ነው ያየው። በ2019 ደግሞ ኖቬምበር 2፣ ግጥሚያው በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ አምስት ሰዓት ላይ ሲጀመር፣ እኔ ትንሿን ቴሌቪዥኔን ከመደርደሪያው አውርጄ ወደ ብረት መስኮቱ አዙሬ አቆምሁት። ሰው መንገዱን ሞልቶ በዚያች መስኮት አየ። ያ ግጥሚያ ለኮሊሲ ሃምሳኛ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታው ነበር። 32 ለ12 ሲያልቅ ዱቄትና ዘይት የሚገዙኝ እናቶች መንገድ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔንም አቀፉኝ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ባዕድ ነህ ተብዬ ሱቄ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ነበር፤ ያን ቀን ግን አቀፉኝ።

አዲስ ተመልካች
ጋሼ ባለሱቁ፣ ከሰፈሩ ልጆች ከእርሱ በኋላ የሚጫወቱ አዩ?

ባለሱቁ
አየሁ ልጄ። ከሱቄ ማዶ ሣር የሌለበት ሜዳ ነበር፤ አሸዋና የጠርሙስ ስባሪ። ቅዳሜ ጧት አንድ ሰው ይመጣል፤ መምህር ይሁን አላውቅም፣ ሁሉም አሠልጣኝ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ልጆቹን በአንድ መስመር አሰልፎ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ስባሪ ያስለቅማቸዋል። ከዚያ በጫማው ተረከዝ አሸዋው ላይ መስመር ያሰምራል። ኳሱ አንድ ነው፤ ቆዳው ተልጦ ግራጫ ሆኗል። ሠላሳ ልጅ ይሆናሉ፤ ሲበዙ ትንንሾቹ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በዳር ይቀባበላሉ። ጫማ ያለው ጥቂት ነው። ሲወዳደቁ አሸዋው ጉልበታቸውን ይልጠዋል፤ ውኃ ለማጠቢያ ከእኔ ይወስዳሉ።

አንድ ቅዳሜ ሰውዬው መጥቶ ስድስት ዳቦ በዱቤ ጠየቀኝ። ለማን ነው ብለው፣ ሳይበሉ የመጡ አሉ፣ ሳይበሉ ሲሮጡ ይወድቁብኛል አለኝ። በወር መጨረሻ ከፈለ። በሚቀጥለው ወርም ጠየቀ፤ ከፈለ። በሦስተኛው ወር ደብተሩን ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር ዳቦና አንድ የለውዝ ቅቤ ለብቻ አስቀምጥ ነበር። ሱቁን ለሌላ ያገሬ ልጅ ሳስረክብም ዕቃውን ከቆጠርን በኋላ የመጨረሻ ያሳየሁት ያን መደርደሪያ ነው። ባለፈው ወር ደውዬ ስጠይቀው፣ አሁን አሥራ አራት ደርሷል አለኝ።